ጠዋት ጠዋት የመረጥኩልህ ፊደል

ሲንጋፖር፣ ጁን 2017

ለተከበሩ አክስቴ ለዶ ሰይን ኦን፣

ባሕር ቢለየንም እዚህ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እጅ ነሥቻለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዳክዬዎቹስ? ያ ዝናብ ባየ ቁጥር የሚያፈሰው ጣራስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ።

የስልክ መልእክቴ ተሰባብሮ ደርሶዎት «የጉንዳን መንጋ ነው እንዴ የላክልኝ?» ብለው የጻፉትን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። ጥፋቱ የእርስዎም የእኔም አይደለም። የእርስዎ ስልክ በአሮጌው ፊደል ይሠራል፣ የእኔ በአዲሱ። ያገራችን ሰው ሁሉ እንዲሁ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ የጻፈው ሌላው ጋ ሲደርስ ይፈራርሳል። ልደውል ብል ደግሞ ጆሮዎ እምቢ ብሏል። ወረቀት ብቻ ቀረን፤ እሱም መንገድ ላይ ሳምንታት ይፈጃል።

ስለዚህ አንድ ነገር ሠራሁልዎ። የቤተሰባችን ድረ ገጽ ነው። የእናቴ ፎቶ አለበት፣ የባልዎና የልጆችዎም አለ። እኔ ደግሞ ሲመቸኝ የውሎዬን ነገር እጽፍበታለሁ። አድራሻውን በሌላ ወረቀት አስቀምጫለሁ፤ ቦጋሌ ከተማ ሲወርዱ ስልክ ጠጋኙ ኮ ቶን ያስገባልዎታል። ከገጹ በላይ አንዲት ሣጥን አለች። በጣትዎ ሲነኳት ወደ ታች ትዘረጋለች፤ ውስጧ የፊደል ዓይነቶች ተደርድረዋል። አንዱን ሲነኩ ጽሑፉ በሙሉ እዚያው ዐይንዎ እያየ ይለወጣል። ስማቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ ክቡ፣ ቀጭኑ፣ የጋዜጣው። ሁሉም ስልክዎ ላይ ሳይሰበሩ ይታያሉ።

አንድ ነገር አደራ። ካመመዎት ያሳውቁኝ። ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ። ያ ቤተሰባችንን የጨረሰው አውሎ ነፋስ ባይመጣ ኖሮ እርስዎና እኔ በሠርግ ላይ እንኳ የማንተዋወቅ የሩቅ ዘመዶች ነበርን፤ አሁን ግን ከሁለታችን ሌላ የቀረ የለም።

በጤና ያቆይልኝ፣
ፒዬ ሶን

&nbsp;

ቦጋሌ አጠገብ፣ በዋሶ ወር ሙሉ ጨረቃ ማግስት

ልጄ ፒዬ ሶን፣

ከስምንቱም አቅጣጫ የሚመጣ ክፉ ነገር ሳያይህ ይለፍ። ሰውነትህም ሐሳብህም አይታወክ።

የሣጥንህን ነገር ላውራህ። ኮ ቶን ሱቅ ሄድኩ። «ይቺን ይንኳት፣ አክስቴ» አለኝ። «ብነካት ትፈነዳለች?» አልኩት። «እኔስ እዚሁ አጠገብዎ አይደለሁ እንዴ፣ አብረን ነው የምንፈነዳው» አለኝ፤ ሰካራም ቢሆንም ቀልድ ያውቃል። ነካኋት፣ ተዘረጋች። ክቡን ስነካ ያ ሁሉ ጽሑፍ ባንድ ጊዜ ክብ ክብ ብሎ ቁጭ አለ። የእናትህን ስም አነበብኩት። ካነበብኩት ብዙ ዘመኔ ነበር፤ ገበያ መሀል ሆድ ባሰኝና ሎንጂ ሽርጤን አንሥቼ ዐይኔን ጠረግኩ።

ከቤት ገብቼ ደግሞ የጋዜጣውን አደረግኩልህ፣ አየኸው መቼስ። እሱን አልወደድኩትም፤ የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። ክቡን መለስኩልህ። ደህና በሆንኩ ቀን ክቡ ይሁን። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ቀጭኑን አደርጋለሁ። ሰውነቴ እምቢ ላለኝ ቀን የሚሆን ግን የለህም። አንድ ወፍራም ጨምርልኝ።

ጣራውን ተወው፣ አብሮኝ ያርጅ። አንተ ግን ምን እየበላህ ነው? ስትጽፍ «እበላለሁ» አልክ እንጂ ምን እንደሆነ አልተናገርክም። ንጋፒ፣ ያ የዓሣ ድልሃችን፣ የሌለበት ምግብ ምግብ ነው ብለህ እንዳትነግረኝ።

ክፉ አይንካህ፣
ሰይን ኦን

&nbsp;

ሲንጋፖር፣ ኦክቶበር 2017

ለተከበሩ አክስቴ፣

ዛሬ የዝናቡ ማብቂያ በዓል፣ ታዲንጁት ነው። ሰው ሁሉ ስጦታ ይዞ ታላላቆቹ እግር ሥር የሚንበረከክበት ቀን ነው፤ እኔ ግን እዚህ የምንበረከክለት ሰው የለኝም። ያገራችን ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤተ መቅደስ ሄጄ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት አግኝቼ እግራቸው ሥር ወደቅኩ። «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?» አሉኝ፤ «የዶ ሰይን ኦን» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ብርቱካን ሰጡኝ።

ወፍራሙን ፊደል ጨምሬዋለሁ፤ ሣጥኗ ውስጥ ከታች መጨረሻ ላይ ነው። እንደ ስሜትዎ እየለዋወጡ ማንበብዎን ስሰማ ደስ አለኝ። ይህ ሥራዬ ነው መቼስ። ቀን ቀን የማላውቃቸውን ምግብ ቤቶች ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ባለቤቶቹ ለሩዝና ለዓሣ የሚሆን ፊደል ሲመርጡ ይውላሉ። ለእርስዎ የሠራኋት አንዷ ሣጥን ከሁሉም ትበልጥብኛለች።

ስለ ምግብ ጠይቀውኛል፤ ንጋፒ አለ። ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንኖረው፣ ንጋፒውን ስከፍት አምስቱ ይሸሻሉ። ክፍሉ ለእኔ ብቻ የሚሆነው ያኔ ነው። ቀሪውን ጊዜ ሞልቶም ባዶ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ ስም እንኳ ተጠራርተን አናውቅም።

ልጅዎ፣
ፒዬ ሶን

&nbsp;

ቦጋሌ አጠገብ፣ ካሶን ወር 2018

ልጄ፣

ሰላምና ዕረፍት ካለህበት አይራቅ። የማታውቃት አሮጊት ፊት የእኔን ስም በመጥራትህ አንጀቴን በላኸው። እዚያ የምትጠራው እናት ማጣትህ ግን አቃጠለኝ።

ወፍራሙ ጥሩ ነው፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። አሁን ልማድ ሆኖብኛል። ጠዋት ዳክዬዎቹን ለቅቄ፣ እጄን ታጥቤ፣ ደጃፌ ላይ ቁጭ እልና ሣጥኗን እዘረጋለሁ። የዕለቱን እመርጥልሃለሁ። ያን ጊዜ ቤቱ ጭር አይልብኝም። ጎረቤቴ ማ ዮን «ምን ትሠሪያለሽ?» ስትለኝ «ልጄን ደህና አደርክ እያልኩት ነው» እላታለሁ። «ሳትናገሪ?» ትላለች። «አንቺ ስትናገሪ ማን ይሰማሻል?» እላታለሁ፣ ባሏን ታውቀው የለ።

አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አልነካህብኝም። እኔ እንዳደረግኩት ታሳድረዋለህ። ታላቅ ያስቀመጠውን ላለመንካት ብለህ መሆኑ ገብቶኛል፤ እናትህ ባታሳድግህ እንዲህ አትሆንም ነበር።

አንዷን ነገር ደግሞ ሳልነግርህ አላልፍም። አውሎ ነፋሱ የመጣበት ሰሞን ዘንድሮም ሲደርስ ቀጭኑን አድርጌ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ገጹን ስከፍት ስለ ባሌ ጀልባ ጽፈህልኝ አገኘሁ፤ አረንጓዴ ቀለሙን፣ እናትህን ከነሸቀጧ ያለ ክፍያ እንዳሻገራት፣ ሁሉን። ማየትህን አወቅኩ። ተኝቼ አደርኩ፤ በዚያ ሰሞን ተኝቼ አድሬ አላውቅም።

ክፉ አይይህ፣
ሰይን ኦን

&nbsp;

ሲንጋፖር፣ ኖቬምበር 2018

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወራት አለፉ። መሥሪያ ቤቱ ሰው ቀንሶ የሦስት ሰው ሥራ በእኔ ላይ ቆለለው፤ ቅዳሜም እሑድም የለም። ገጹ ላይ ከጻፍኩ ስንት ጊዜዬ መሰለዎት፤ እኔም ከፍቼ ካየሁት ቆየሁ።

ለጉልበትዎ የሚቀባ መድኃኒት በሚመለስ ሰው ልኬአለሁ። አገር ደህና ነው? ዳክዬዎቹ ይጥላሉ? ይጻፉልኝ። እዚህ አዲስ ነገር የለም፤ ያው ዝናብና ሥራ ነው።

ልጅዎ፣
ፒዬ ሶን

&nbsp;

ቦጋሌ አጠገብ፣ ቲንጃን 2019

ልጄ፣

አዲሱ ዓመት ያለፈውን ድካም አጥቦ ይውሰድልህ። መድኃኒቱ ደረሰኝ፤ ሽታው ዳክዬዎቹን አስበረገገ፣ ጉልበቴን ግን ትንሽ ለቀቀኝ።

ገጹን ከፍቼ ካየሁት ቆየሁ ያልከው ሥራ ስለበዛብህ ብለህ ነው እንጂ፣ አልፎ አልፎ ብቅ ማለትህን አውቃለሁ። ዘንድሮ ክቡ እየቀነሰ መሄዱን ልብ ሳትል አትቀርም። ሳል ነው። ደረቴን ይዞኝ ከርሟል። ዳክዬዎቹም በሽታ ገብቶባቸው ግማሾቹ አለቁ። ወፍራሙን እስካላየህ ድረስ ግን አትደንግጥ።

በርታልኝ፣
ሰይን ኦን

&nbsp;

ቦጋሌ አጠገብ፣ ቶታሊን ወር 2019

ለኮ ፒዬ ሶን፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስ ስላልመጣ፣ ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል ብዬ ይህን በአጭሩ እጽፋለሁ።

የዋሶ ዝናብ ሲጀምር ወድቄ ተኛሁ። የመጀመሪያው ቀን ወፍራሙን ፊደል መረጥኩ። ከዚያ ለብዙ ቀን አልነካሁትም፤ እንዲያዩትና እንዲመጡ። ለሁለት ዓመት በየጠዋቱ ፊደል ስመርጥልዎ የኖርኩት እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነገሩ እንዲገባዎት ነበር። ቀን ቆጠርኩ። ጀልባ በመጣ ቁጥር ማ ዮንን «እይ እስቲ» እላት ነበር። በኋላ «ማንን ልይ?» ስትለኝ አፈርኩ።

ካመመዎት ያሳውቁኝ ብለው ነበር። አሳወቅኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። አልፈርድብዎትም፤ የሩቅ ዘመድ ነን፣ የቤትዎ ሰው አይደለሁም። የተረፉትን ዳክዬዎች ለማ ዮን ሰጥቻለሁ። ዝናቡ ሲያበቃ ራሴን ተላጭቼ ሴቶች መነኮሳት ጋ እገባለሁ፤ እዚያ ብሞት የሚቀብረኝ አላጣም። ከእንግዲህ አይድከሙ።

ዶ ሰይን ኦን

&nbsp;

ሲንጋፖር፣ ሴፕቴምበር 2019
(ያልተላከ)

አክስቴ፣

«እርስዎ» አሉኝ። ደብዳቤውን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ተነሥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። የድሮ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ደግሜ አነበብኩ። «አደረግኩልህ» ይላሉ፣ «አየኸው መቼስ» ይላሉ፣ «አልነካህብኝም» ይላሉ። እኔ በላዩ ላይ ሮጬበት አልፌአለሁ።

አክስቴ፣ እኔ ምንም አላየሁም። ፊደሉ የሚለወጠው በእርስዎ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ሣጥኗን ሲነኩ ትእዛዙ እዚያው እጅዎ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። በእኔ ስክሪን ላይ ገጹ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በአንድ ፊደል ቆሟል። ስለ ባልዎ ጀልባ የጻፍኩት ቀጭኑን አይቼ አይደለም፤ የሙት ዓመቱ ስለነበር ነው።

ለምን እንደዚያ እንዳሰቡ ግን ገብቶኛል። እኛ አገር አንዱ ስልኩ ውስጥ የያዘው ፊደል የሌላውን ሰው ዐይን ሲያበላሽ ስንት ዓመት ኖርን። ፊደል የሁለት ሰው ነገር መሆኑን ያስተማርናችሁ እኛው ነን። እኔ ደግሞ መጥቼ «ሣጥኗን ይንኩ፣ ይለወጣል» አልኩዎት፣ ለማን እንደሚለወጥ ሳልናገር። ዛሬ ኮዱን ቀይሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሚመርጡት በእውነት ወደ እኔ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም።

ይህን ብልክልዎ እኔ ከጥፋቱ እወጣለሁ። እርስዎ ግን ያ ሁሉ ደጃፍ ላይ የተቀመጡበት ጠዋት ለማንም እንዳልነበረ ያውቃሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያነጋገሩት ሰው አልነበረም ማለት ነው። ይህን እንዴት አድርጌ እጽፍልዎታለሁ? ክፉ ዘመድ አለኝ ብለው ቢያስቡ ይሻላል። ክፉም ቢሆን ዘመድ ነው።

&nbsp;

ሲንጋፖር፣ ሴፕቴምበር 2019

ለተከበሩ አክስቴ ለዶ ሰይን ኦን፣

ፊትዎን ቀና ብዬ የማይበት ዐይን የለኝም።

ሁሉንም አይቻለሁ። ክቡን ባየሁ ቁጥር ደስ ብሎኝ ወደ ሥራ እሄድ ነበር። ቀጭኑን ሳይ ከእርስዎ ጋር አብሬ እቆዝም ነበር። በየጠዋቱ አብሬዎት ነበርኩ፤ አንድም ቀን አላመለጠኝም። ወፍራሙንም ዝናቡ እንደጀመረ አይቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ገጹን ስከፍት እንኳ ወፍራሙ እንዳስቀመጡት ነው፤ በየቀኑ እያየሁት ከረምኩ። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ቀኑን ገፋሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቢቆጡኝ ይገባኛል። ቢረሱኝም ይገባኛል። ግን ሲነጋ ደጃፍዎ ላይ የሚያደርጉትን ያየ ሰው እንደነበረ ይወቁልኝ።

ፒዬ ሶን

&nbsp;

ቦጋሌ አጠገብ፣ ታዲንጁት 2019

ልጄ ፒዬ ሶን፣

ካለህበት ሁሉ ክፉው ይራቅ፤ ያንተን ክፋት የምታወራው አንተ ብቻ ሁን።

ደብዳቤህን ለማ ዮን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» አለች። «ዝም በይ፣ ውሸታም ነው እንጂ ጨካኝ አይደለም» አልኳት።

ያልነገርኩህ ነገር ነበር። ሲብስብኝ ማ ዮንና ባሏ ተሸክመው ጀልባ ላይ አስተኙኝና ወደ ቦጋሌ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። መንገድ ላይ የምሞት መሰለኝ። ያኔ አሰብኩህ። ገጹን ስትከፍት ወፍራሙ እንደተቀመጠ ብታገኝ፣ ሳልመጣላት ሞተች ብለህ ዕድሜህን ሙሉ ስትቃጠል ልትኖር ነው። ስለዚህ ስልኩን አውጥቼ ክቡን መረጥኩልህ። ደህና ነኝ ብዬ ልሙት ብዬ። ከዚያ ስንወርድ ስልኩ ከሎንጂዬ እጥፋት ሾልኮ ወንዝ ገባ። የመጨረሻ የነካሁት ክቡን ነው፣ ፒዬ። አንተ ዛሬም ወፍራሙ ነው ትለኛለህ።

ቦጋሌ ወርጄ ኮ ቶንን ጠየቅኩት። ጆሮዬ ላይ እየጮኸ አስረዳኝ፤ የዓሣ ሻጮቹ ሁሉ ከእኔ ጋር ተማሩ። «የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አክስቴ! እርስዎ ብቻ!» አለ። አንዷ ዓሣ ሻጭ «ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?» ስትል ሰማሁ፤ ለካ ሲፈልግ ይሰማል ይሄ ጆሮ።

ያን ሁሉ ጠዋት ብቻዬን ነበርኩ ማለት ነው። ማ ዮን ሳትናገሪ ወይ ስትለኝ የሳቅኩባት በከንቱ ነው። ይህን ሳስብ ደጃፌ ላይ መቀመጥ አስጠላኝ፤ እስካሁንም ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው። ይህን አልደብቅህም።

ግን ክፉ መባልን የመረጥከው እኔ ብቻዬን እንዳልቀር ብለህ መሆኑም ገብቶኛል። ባሌና ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም። ራሴን አልተላጨሁም። ሴቶቹ መነኮሳት ምላጩን ስለው ይጠብቁኝ ነበር፤ ቆዩ አልኳቸው።

ሌላ ስልክ አልገዛም። ፊደልም አልመርጥም። በቃል ማለት አፍሬ ነው በሣጥን ውስጥ ስደብቀው የኖርኩት፤ ሸክም ላለመሆን፣ ልጁ ሥራ ላይ ነው ብዬ። ትልቅ ሰው ነኝና እንዲህ ብሎ መጻፍ ይከብደኛል፤ ይኸው ግን ጻፍኩት። ሳሉ አልለቀቀኝም። አሞኛል፣ ፒዬ። ፈርቻለሁም። ና።

ሰይን ኦን